ሦስተኛው ጥያቄ

ቅጹ ሦስተኛ ላይ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦
«አመልካቹ ያለ ሰው ድጋፍ ሃምሳ ሜትር ይራመዳል?»
ከሥሩ ሁለት ሳጥን፣ «አዎ» እና «አይደለም»፤
ለኔ ወንድም የሚሆን ሦስተኛ ሳጥን የለም።

ይራመዳልማ!
እንኳን ሃምሳ ሜትር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥቅምት ውርጭ፣
ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ፣ በር ሳይዘጋ ወጣ፤
የጣርማ በርን ዋሻ ግድግዳ በእጁ እየዳበሰ፣
በማግስቱ ማታ ደብረ ሲና ተገኘ፣ ከቆሎ ሻጮቹ ጉልት ሥር፣
ተረከዙ ተተልትሎ።
እግሩ ደህና ነው፤ ከኔ እግር ይሻላል።
መሄድ መች አቃተው፣ መድረስ ነው ያቃተው።

ደምሰው ረዳት ነበር፣ የመሐል ሜዳ መስመር፣
በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከተማ ሲቆጥር፣
«ጣርማ በር! ሞላሌ! መሐል ሜዳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
ድምፁ መናኸሪያውን ከዳር ዳር ሲያምሰው።

ዛሬ ከቤታችን እስከ ቀበሌው አሥራ አንድ የመብራት እንጨት ነው፤
ቆጥሬያለሁ።
አንደኛው ላይ ወሬውን ያቆማል፤ ሁለተኛው ላይ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፤
ሦስተኛው፣ ሽብሩ ግሮሰሪ አጠገብ ያለው፣ ዘሞ የቆመው፣
እሱን ሲያይ ትንፋሹ ያጥራል።
አራተኛው ላይ ይቆማል።
ባጃጅ ይጮህበታል፤ ተማሪዎች ዞረው ያዩታል፤
ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ላብ!
እጁን አልይዘውም፤ ሲይዙት ይብሳል።
አጠገቡ ቆሜ ስለ ምስር ዋጋ፣ ስለ ፋብሪካው አለቃችን ንፉግነት
ለማንም አወራለሁ፣ እንደተረሳ ሬዲዮ።
አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ አምስተኛው እንጨት።
አንዳንዴ ወደ ቤት።

ይሄ «ያለ ሰው ድጋፍ» ነው፣ ወይስ «በሰው ድጋፍ»?
የማወራው ወሬ በየትኛው ሳጥን ይጻፍ?

ሐሙስ፣ ደሞዜ እየተቆረጠ፣ ኮሚቴው ፊት አቀረብኩት።
«እግሩን ምን ሆነ?» አለች ወይዘሮ ብርቄ። ክፉ ሰው አይደለችም፤
እናታችን ስትሞት ድንኳኑን ያስተከለችልን እሷ ነች።
«እግሩን ምንም።»
«እንግዲያው የአካባቢ ልማት ላይ ይመደባል፤ ድንጋይ ያነሣል፤
ቀጥታ ድጋፍ ለማይንቀሳቀስ ነው፤ መመሪያው እንዲያ ይላል።»
የሆስፒታሉን ወረቀት ዘረጋሁላት፤
«ክትትል ላይ ነው» ይላል፤ ስለ አራተኛው እንጨት አይልም።
ክኒኑን ለማግኘት ከቤት መውጣት አለበት፣
ከቤት ለመውጣት ክኒኑን መዋጥ፤
ይሄን የሚጽፍ ሐኪም አላገኘሁም።

«እስቲ ተራመድ» አሉት።
ተነሣ። ከግድግዳ እስከ በር ቀጥ ብሎ ሄደ፣ እንደ ወታደር፤
በሩ ጋ ሲደርስ መቃኑን ጨበጠ፣
አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አንጠልጥሎ
ዞረና ሁላችንንም አየን። በድሮው ድምፁ፦
«ወራጅ አለ?»

ሁለቱ ሳቁ። ብርቄ አልሳቀችም።
እስክሪብቶዋ ግን «አዎ» ላይ አረፈ።

ቅሬታ በአሥር ቀን ውስጥ ይቀርባል አሉኝ፤
በአካል፣ ራሱ አመልካቹ።
በአካል!
አካሉማ መች ጠፋ።

ስንመለስ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ።
መመለሻ ላይ እግሩ ይቀለዋል፤
እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየጣለ፣ አራተኛውን ሳያየው፣
የቤታችንን ሰማያዊ ቆርቆሮ አልፎ ቀጠለ።
መንገዱ ወደ አስፋልቱ፤
አስፋልቱ ወደ ጣርማ በር፤ ወደዚያ ሌሊት።
ስሙን ጠራሁ። አልሰማም።
ሮጬ ክንዱን ብይዘው ማን ያቆመዋል?
ምን እንደነካኝ እንጃ፣
ከኋላ ወንበር እንደሚጮህ ተሳፋሪ አንገቴን አስግጌ፦
«ረዳት! ወራጅ አለ!»

ቆመ።
ጎኑ ያለውን ባዶ አየር ሁለቴ በመዳፉ መታ፤
የሌለውን በር ከፈተልኝ።
«ቀስ ብለሽ» አለኝ። «ደርሰናል።»